አልቃሿ ሥነ መለኮት ስትማር

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬ ወደ ቤቴ ብመለስ እንቅልፍ አይወስደኝምና ጆሯችሁን ስጡኝ። ፓስተራችን «እህት ትርንጎ፣ አጠር አድርጊው» ብለውኛል። አጠር አደርገዋለሁ። ባለፈው እሑድ እሳቸው «በመጨረሻም» ካሉ በኋላ ምን ያህል እንደቆየን ግን ሁላችንም እናውቃለን። ሳቁ፣ ሳቁ፤ ጌታ በሳቅ አይከፋም።

እንግዶች አላችሁና ከመጀመሪያው ልጀምር። እኔ የደሃና ወረዳ ልጅ ነኝ፤ አምደወርቅ ከሚኒባስ ወርዳችሁ፣ በእግር ዳገት ቁልቁለቱን ከጨረሳችሁ በኋላ የምትገኝ መንደር ነች ያሳደገችኝ። የቤታችን ቋንቋ አገውኛ ነው፤ አማርኛን የለመድኩት ገበያ ላይ ነው። ሥራዬ ደግሞ ማልቀስ ነበር። አትደንግጡ፣ ሙሾ አውራጅ ነበርኩ። ሰው ሲሞት በቅሎ ይላክልኛል። ደርሼ ሟቹ ለማን ደግ እንደነበረ፣ ምን ያርስ እንደነበረ፣ በሬው ምን ዓይነት እንደነበረ ከዘመድ እጠይቃለሁ። ከዚያ ግጥሙን አወርደዋለሁ፤ ሴቱ ደረቱን እየደቃ ይቀበለኛል። ጎበዝ ነበርኩ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝና፣ ሟቹን አይቶት የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ቆሞ ያለቅስ ነበር። አንዴ የአንድ አስቸጋሪ ሰው ለቅሶ ላይ ተጠርቼ፣ ዘመዱን ሁሉ ብጠይቅ የሚወደስ ነገር ጠፋ። ቢቸግረኝ «በር ሲከፍት እንኳ ድምፁ የማይሰማ» ብዬ ባወርድለት ሚስቱ ራሷን ስታ ወደቀች።

ይህ ሥራ ግን ከሰው ጋር አያስማማም። ገበያ ላይ አንዷን «እናትሽ እንዴት ናቸው?» ስላት ትደነግጣለች። «ደኅና ናቸው፣ በጣም ደኅና ናቸው፣ ዛሬ ራሳቸው ናቸው ውኃ የቀዱት» ትለኛለች። አንዱን ገበሬ «በሬህ ያምራል» ካልኩት ለግጥም የምሰበስብ ይመስለውና ፊቱን ያጠቁራል። የታመመ ሰው ልጠይቅ ብሄድ ደግሞ የቤቱ ሰው በር ላይ ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ ከበር ይመልሰኛል።

ያልፈሩኝ ሰው አባቴ ብቻ ናቸው። አባዬ ገበሬ ናቸው፤ ጾም የማያፈርሱ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ፣ የኦርቶዶክስ አማኝ። እሳቸው ጭራሽ ለራሳቸው ሙሾ ግብዓት ያቀብሉኝ ነበር። ገብስ እየወቁ ቆም ይሉና «ትርንጎ፣ ይቺን እንዳትረሺ» ይሉኛል። ጎረቤት አስታርቀው ሲመለሱ «ይቺስ ትገባለች?» ይላሉ። «ትገባለች፣ አባዬ» እላለሁ። ሌላው ሰው ከልጁ ጧሪነትን ይጠብቃል። አባዬ ከእኔ የሚጠብቁት አንድ ነገር ነበር፤ የሞቱ ቀን በወጉ እንዳለቅስላቸው።

ታዲያ ጌታ የት አገኘኝ? ሥራዬ ላይ ነው ያገኘኝ፣ ክብር ለስሙ ይሁን! እዚህ ሰቆጣ አንድ ሰው ሞቶ አጎቱ አስጠራኝ። ሟቹ የእናንተ ወንድም፣ አማኝ እንደነበረ አልነገረኝም። ድንኳን ገባሁ፤ ነጠላዬን አጥብቄ፣ ጉሮሮዬን ጠራርጌ የመጀመሪያዋን ስንኝ ለቀቅኩ። የሚቀበል የለም። ሌላ ጨመርኩ። አሁንም ዝም። አንድ ሽማግሌ በትሕትና «ተባረኪ» አሉኝ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም። ይሄኔ የሟቹ ሚስት፣ ይቺ ከፊት የተቀመጠችው እህት አልጋነሽ፣ ተነሥታ እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ዓይኗ አባብጧል። «እኔም እያለቀስኩ ነው፣ እህቴ። ግን እንደገና አገኘዋለሁ» አለችኝ።

ስለ ትንሣኤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ፋሲካን ያላከበርኩበት ዓመት የለም። ነገር ግን ባሏ ገና ሳይቀበር፣ በዚያ ባበጠ ዓይኗ፣ የገበያ ቀን ቀጠሮ ያላት ያህል ተረጋግታ እንዲህ ያለችኝ ሴት አልነበረችም። ነገሩ ሆዴ ገባ። በሠልስቱ ማንም ሳይጠራኝ ተመልሼ ሄድኩ፤ ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ደነገጡ፣ ደግሞ ማን ሞተ ብለው። «ማንም አልሞተም፤ ያቺን ነገር ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አልኳቸው። ስንጠያየቅ፣ ስንነጋገር ሰነበትንና ጌታን የሕይወቴ አዳኝ አድርጌ ተቀበልኩ። ሃሌሉያ!

ደስታዬ እንዳለ ሆኖ፣ አንዳንድ ወንድሞች «አማኝ ሙሾ አያወርድም» አሉኝ። አዲስ ነበርኩ፤ አሜን ብዬ ተውኩት። ወደ አባዬ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከቤተ ክርስቲያናቸው መውጣቴን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፍተው አዘኑ። ሙሾ መተዌን ስነግራቸው ግን ብድግ አሉ።

«እና ለእኔ ማን ያለቅስልኛል?» አሉኝ።

ጸሎት እንደምናደርግ፣ መዝሙር እንደምንዘምር ነገርኳቸው። መዝሙሩ ስለ እሳቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። አይ፣ ስለ ጌታ ነው አልኳቸው። «እንግዲያው እዚያው ለጌታ ዘምሪ» ብለው በሩን ዘጉብኝ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነፈሱልኝም። ስልክ ስደውል ድምፄን ሲሰሙ ቀፎውን ለወንድሜ ለሙላው ያቀብሉታል። ማዕድም አብረን ቀርበን አናውቅም። ወገኖቼ፣ እኔን የማንም ሞት አስደንግጦኝ አያውቅም ነበር። አባቴ ሳያናግሩኝ ይሞታሉ ብዬ ሳስብ ግን እፈራ ነበር። በየጸሎቱ የምለምነው ሳይሞቱ እንዲያናግሩኝ ነበር።

በዚህ መሃል ነው ይህች ጉባኤ ለሴቶች ወደተከፈተው የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት የላከችኝ። እዚያ ግማሹን ጊዜ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን እንማራለን፤ ግማሹን ወጥተን የተማርነውን እንሠራለን። በአንዱ ብቻ ማለፍ የለም። ግሪክኛ የሚባል ቋንቋም ቀመስን። እንደ እኔ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ፊደል ስትቆጥር ማየት ምን እንደሚመስል አስቡት! የቤት ሥራዬን ጮክ ብዬ ሳነብ አብራኝ የምታድረው የወልድያ ልጅ «በልሳን ነው?» አለችኝ። «አይ፣ ግሪክኛ እያጠናሁ ነው» አልኳት።

ከዚያ የስብከት ልምምድ መጣ። ለእኔ የደረሰኝ የቃናው ሰርግ ነበር። ተነሥቼ ቆምኩ። እኔ ግን ሰው ፊት ቆሜ የማውቀው ዜማ አንድ ብቻ ነው። «ወይኑ አለቀባቸው» ስል ድምፄ በራሱ ጊዜ ወረደ። የወልድያዋ ልጅ አፍንጫዋን መጥረግ ጀመረች። ስለ ባዶዎቹ ጋኖች ስናገር ክፍሉ በሙሉ ተንሰቀሰቀ፤ አንዷማ ደረቷን መታች። አስተማሪያችን እህት ሶስና፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን የከተማ ልጅ ናት፣ እሷም ዓይኗን እየጠረገች «እህት ትርንጎ፣ ሰርግ ነው እኮ» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ውኃው ወይን ጠጅ ከሆነ በኋላም ለቅሶው አልቆመም።

እህት ሶስና ከክፍል አስቀርታ ይህን ዜማ ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀችኝ። እያፈርኩ የቀድሞ ሥራዬን፣ የወንድሞችን ምክር፣ የአባዬንም ኩርፊያ ነገርኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ማን እንዳለቀሰ፣ እንዴትም እንዳለቀሰ አጥንቼ ለክፍሉ እንዳቀርብ አዘዘችኝ። ገብቼ ፈለግሁ። ወገኖቼ፣ ያላለቀሰ የለም! ዳዊት ለወዳጁ ለዮናታን ሙሾ አውርዷል፤ በባለሙያ ዓይን መረመርኩት፣ ምንም አይወጣለትም። ጌታችን ራሱ በአልዓዛር መቃብር እንባውን አፍስሷል፤ ያውም ሊያስነሣው እያወቀ። ነቢዩ ኤርምያስ ደግሞ የሚያለቅሱ ሴቶች ይጠሩ፣ ይምጡ ይላል። እዚያ ስደርስ የተጠራሁት እኔ መስሎኝ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እልል አልኩ። አስወጡኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጌታ የወሰደብኝ የመሰለኝን ነገር ለካስ ሊያጥበው ኖሯል የወሰደው።

የተግባር አገልግሎቱ ጊዜ ሲደርስ ሕሙማንን መጠየቅ ለእኛ ቡድን ተመደበ። ልክ በዚያ ሰሞን ሙላው ደወለ። አባዬ በሳንባ ምች ታመው፣ ሰቆጣ ሐኪም ቤት ተኝተው፣ መድኃኒታቸውን ጨርሰው ቤት ተመልሰዋል። ሐኪሙ ለሙላው «በሽታው ሄዷል፤ ሰውዬው ናቸው ያልተመለሱት። ይነሡ፣ ይብሉ፣ ፀሐይ ይሙቁ» ብሎታል። አባዬ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል፤ እህልም አይቀምሱም። ለእህት ሶስና ስነግራት መጀመሪያ የምንጠይቀው እሳቸውን ነው አለች። እኔ ግን እንደ ድሮው ከበር እንዳልመለስ፣ ይባስ ብሎም ደርሼ እንዳላጣቸው ፈራሁ።

እህት ሶስናና የክፍል ጓደኞቼ ሆነን ወደ አምደወርቅ ሄድን። ሙላው መናኸሪያው ላይ ሊቀበለን ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ሚኒባሱ በሰዓቱ ደረሰ። እንዲህ ያለ ነገር ማን ይጠረጥራል? ሙላው ገና መንገድ ላይ ነው። ኔትወርክ የለም። መንገዱን አውቀዋለሁ ብዬ ከፊት ሆኜ መራኋቸው፤ ከሙላውም ጋር በሁለት መንገድ ተላለፍን። የትምህርት ቤታችን የደንብ ልብስ ጥቁር ቀሚስና ነጭ ነጠላ ነው። ተረተሩ ላይ ስንደርስ ያ የደጋ ነፋስ ያዘን። ጓደኞቼ የከተማ ልጆች ናቸው፤ ብርዱ ሲብስባቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ትከሻቸው ላይ ጠመጠሙት። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ሰው ሲሞት መሆኑን ከፊት ስለነበርኩ ልነግራቸው አልቻልኩም፤ አላየሁማ!

እስቲ በመንደሩ ዓይን እዩት። የቄዬው ሰው አባዬ እንደታመሙ ያውቃል። ማዶ ተረተሩ ላይ አልቃሿ ትርንጎ ከፊት፣ ከኋላዋ ጥቁር የለበሱ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች በሰልፍ እየወረዱ ነው። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ አይታን አንዴ ጮኸች፤ አገሩ ተነቃነቀ። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ አባዬ ደጅ ወረደ። ወንዱ ሞፈሩን ጥሎ መጣ። አንዱ ዶማ አንሥቶ ወደ መቃብሩ መንገድ ገባ። እትዬ በላይነሽ ለለቀስተኛ የሚሆን ንፍሮ ጣደች። ገብቶ አባዬን ያየ ሰው የለም። ትርንጎ እየመጣች ሌላ ምን ማረጋገጫ ያስፈልጋል?

እኔ ደግሞ ቁልቁለቱን ስወርድ ከአባቴ ደጅ ዋይታ ሰማሁ። ክው አልኩ። እነሱ የሚያለቅሱት እኔን አይተው ነው፤ እኔ ደግሞ የነሱን ለቅሶ ሰምቼ አባቴ ሞቱ አልኩ። ሮጥኩ። ደጅ ስደርስ እትዬ በላይነሽ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለታችንም አንዳችን ከአንዳችን መርዶ ሰማን። ዘገየሁ፣ አላናገሩኝም፣ በቃ አለቀ ብዬ አንጀቴ ተቆረጠ። ያኔ ተማሪነቴም፣ የእህት ሶስና ከኋላዬ መቆምም ከሐሳቤ ጠፋ። ስንት ዓመት የተጠራቀመችው ሁሉ በአፌ ወጣች፦

የመበለት ማሳ አርሶ ሲመለስ፣
የራሱን ሲጀምር ዝናቡ ሲጨርስ።

ሴቱ ተቀበለኝ። ያስታረቁትን፣ ያዋሱትን ጥማድ በሬ፣ ያወቅኩትንና የነገሩኝን ሁሉ አወረድኩት። ሁሉም መሬት መሬት እያየ ነበር። እህት ሶስና ግን ከመንደሩ ሰው ማንንም አታውቅም። ጋቢ ለብሰው፣ በዱላ ተደግፈው በሩ ላይ የቆሙ አንድ ሽማግሌ አየች። ዘመድ መሰሏት። ቀረብ ብላ በትሕትና እንዳጽናናቻቸው በኋላ ነገረችኝ።

«አባቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሟቹ ምንዎ ናቸው?» አለቻቸው።

«እኔ ነኝ» አሏት። «ዝም በይ፣ ልስማ።»

ሥነ መለኮት ያስተማረችን እህት ሶስና ነጠላዋን ሰብስባ ከጎናቸው ቆመች። አባዬም ሰሙ። እኔ ምንም ሳላውቅ ወደ መጨረሻዋ ደረስኩ፤ ይህችኛዋ በቀድሞው ሙያዬ ያልነበረች ናት፦

አባቴን አፈሩ ለጊዜው ቢይዘው፣
የፈጠረው ጌታ ነው ነገ የሚያስነሣው።

ቀና ስል አባቴ ቆመዋል። እትዬ በላይነሽ አይታቸው በረት ውስጥ ገባች። ግማሹ ሰው አማተበ፣ ግማሹ ሸሸ፣ ጓደኞቼ በየልሳናቸው መጸለይ ጀመሩ። እኔ ተንበርክኬ ቀረሁ። አባዬ ብቻ ናቸው ያልተደናገጡት።

«ያን ዓመት ዝናቡ አልጨረሰም ነበር። አጋንነሻል» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ አባቴ የተናገሩኝ የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው፤ ጌታ ይመስገን! ላውጣው ወይ አልኳቸው፤ ግዴለም፣ እንዳለ ይቆይ አሉ። ከዚያ በዱላቸው እየተደገፉ ፀሐይ ላይ ወጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ሙሾ ትቻለሁ አላልሽም ወይ አሉኝ። እንባዬ እየወረደ የተማርኩትን ነገርኳቸው፤ ማልቀስ እንዳልተከለከልኩ፣ ጌታም እንዳለቀሰ፣ እኔ የተውኩት ተስፋ የሌለውን ለቅሶ መሆኑን። ስለ መጨረሻዋ ስንኝ ጠየቁኝ። አዲስ ናት፣ ትምህርት ቤት ነው ያገኘኋት አልኳቸው። እሷ ከሁሉም ትበልጣለች አሉኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣

«እንዲህ ያለ ሰው ነኝ እንዴ? እንግዲያማ መሞቴ ለአገሩም ጉዳት ነው» አሉ።

ሰዉ ሳቀ፤ አባዬ ግን የምራቸውን ነበር። ስንት ጊዜ ግድግዳ ሲያዩ የሰነበቱት ሰው «ምን አለ የሚበላ?» ብለው ጠየቁ። ያለው ለእሳቸው ለቅሶ የተጣደው ንፍሮ ብቻ ነው። እትዬ በላይነሽ ከበረት ወጥታ በትሪ አቀረበችላቸው። እህት ሶስና ልትጸልይላቸው ፈቃድ ጠየቀች። አባታችን ሆይን እኔ ልምራ፣ እናንተ ተከተሉኝ አሉና ሁላችንም አብረን ደገምን። ሙላው ከአምደወርቅ እየሮጠ ሲደርስ አባቱ የራሳቸውን ንፍሮ እየዘገኑ፣ መቃብር ሊቆፍር የሄደውን ጎረቤት «በል ዶማህን መልስ» እያሉ ሲቆጡት አገኛቸው።

ሐኪሙ በቀጠሯቸው ቀን ደረታቸውን አዳምጦ፣ ሲራመዱም አይቶ፣ ምን አድርጋችሁላቸው ነው ብሎ ሙላውን ጠየቀው። ሙላውም «አለቀስንላቸው» ብሎ እቅጩን ነገረው። እህት ሶስና ደግሞ በተግባር ትምህርቱ አሳልፋኛለች፤ በሌላ ሕመምተኛ ላይ እንዳልደግመው ግን አስጠንቅቃኛለች።

ዛሬ አባዬ ደኅና ናቸው። በቤተ ክርስቲያናቸው ናቸው፤ እኔም በዚህ አለሁ፤ ስለ ሁለታችንም መጸለይ አላቆምኩም። የታመመ ሰው ቤት ስሄድ የሚመልሰኝ የለም። እንዲያውም አንዳንዱ ሕመምተኛ «የእኔንስ መቼ ታሰሚኛለሽ?» ይለኛል። እኔም ስለ እሱ ያለውን ደግ ነገር ሁሉ በቁሙ እነግረዋለሁ፤ ከዚያ የሚያስነሣውን ጌታ እነግረዋለሁ። የተማርኩት ይህን ነው፤ ክፍል ውስጥም፣ አባቴ ደጅም።

ወገኖቼ፣ ከማን ጋር እንደተኮራረፋችሁ ጌታ ያውቃል። አለቀ፣ ሞተ ብላችሁ የተዋችሁት ነገር ካለ ዛሬ በእጁ ላይ አኑሩት፤ ከዚህ ስትወጡ ደግሞ ተነሡና ሂዱ፤ የሚያናግራችሁ ባይኖር እንኳ ሂዱ። ያን ቀን እኔ ከትሪው ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር፤ ማዕድ ከተለያየን ዘመን አልፎናልና መቅረብ ፈርቼ። አባዬ ቀና ብለው አዩኝ። ፈቀቅ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝና «ምነው ቆምሽ? ነይ፣ ቅረቢ፣ ልጄ» አሉኝ። ቀረብኩ። አባቴን ልቀብር የደረስኩ መስሎኝ ነበር፤ ጌታ ግን ከአባቴ ጋር አንድ ትሪ ላይ አስቀመጠኝ። እመኑት፣ ወገኖቼ። እመኑት!